ሰበዝ ከግንቧ የወጣችበት ሳምንት

ኤልዳና ቤቷን ለቅቃ ስትወጣ ያስገደዳት ሰው አልነበረም። ለጠየቃት ሁሉ ይህንኑ ትናገር ነበር። ፖሊስ አልመጣም፤ በር ላይ ማስጠንቀቂያ አልተለጠፈም፤ ድንጋይ የወረወረም ሆነ የጮኸ የለም። በ2074 ዓ.ም. ከጥር እስከ መጋቢት ባለው ጊዜ በድሬዳዋ የሸንኮራ ሰፈር ሁለት መቶ አሥራ አራት ቤተሰብ በገዛ ፈቃዱ ፈርሞ፣ ዕቃውን ጭኖ፣ ከከተማው ዳር ወደተሠሩት ፎቆች ገባ። ቦታው ለዕቃ ማራገፊያ ይፈለግ ነበር። ጋዜጦቹ "ያለ አንድ ክርክር የተነሣ ሰፈር" ብለው ጻፉ። ትንሽ ተሳስተዋል፤ አንድ ሰው ቀርቷል። እሱም የኤልዳና ታናሽ ወንድም ኪሩቤል ነው።

ኤልዳና አርባ ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ ፍሪጅ ጠጋኝ ናት። በከተማው የግመል ወተት የሚቀመጥበት ማቀዝቀዣ ሁሉ አንድ ቀን በእጇ ሳያልፍ አይቀርም። ባሏ ከሞተ ስምንት ዓመት ሆኖታል፤ ልጅ አልወለዱም። በአዲሱ ቤት፣ ዘጠነኛ ፎቅ ላይ፣ እንደማንኛውም ሰው ቀኗን የምትጀምረው በገጿ ነበር። ልክ አሥራ ሁለት ሰዓት ሲሆን የወጥ ቤቷ ግድግዳ ይበራና ስድስት ሥዕሎች ይደረደሩበታል። ሻይዋን እየጠጣች ታነባለች። ከሥራ ስትመለስ ደግሞ የጨዋታ ጓንቷን አጥልቃ ጠዋት ያነበበችውን ትጫወተዋለች፤ ትዘላለች፣ ትመታለች፣ ትወድቃለች፣ ትነሣለች። ከዚያ እራቷን ትበላለች።

የእሷ ጀግና ሰበዝ ትባላለች። ኤልዳና አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሲሞላት፣ እንደ እኩዮቿ ሁሉ፣ ገጾቹን ከሚያዘጋጀው "ሰባት ቀለም" ድርጅት የመጡላትን አርባ ጥያቄዎች መለሰች። "ከሁሉ አብልጠሽ የምትፈሪው ምንድን ነው?" የሚልም ነበረበት። በማግሥቱ ጠዋት ሰበዝ ግድግዳው ላይ ቆማ ጠበቀቻት፤ ጠይም፣ ቀጭን፣ ብረትን እንደ ስንደዶ እየሰነጠቀች በጣቶቿ የምትሰፋ። ከዚያ ቀን ወዲህ ሠላሳ ዓመት አልተለያዩም። ባሏ የሞተ ጊዜ ዕድርተኛው ሦስት ቀን ተቀምጦ ሲበተን፣ ሰበዝ አርባ ቀን ጥቁር ለብሳ ከግድግዳው ላይ ሆና አብራት አዝናለች። ኤልዳና ይህን ውለታ ለማንም ተናግራ አታውቅም።

የማንም ጀግና ከማንም ጋር አይመሳሰልም፤ የአንዱ ታሪክ ከሌላው አይገናኝም። ጎረቤት ከጎረቤት ሲገናኝ "ጀግናሽ እንዴት አደረች?" ይላል። መልሱ "ደኅና" ነው። ከዚያ አይታለፍም። ገጽን ማውራት ነውር ነው፤ እናቶች "የሰው ገጽና የሰው ቁስል አይነካም" እያሉ ነው ልጅ የሚያሳድጉት።

ኪሩቤል ግን ጀግና የለውም። በሃያ ዓመቱ ጀግናው ገደል ላይ ተንጠልጥሎ "ይዳን ወይስ ይውደቅ?" የሚል ጥያቄ ሲመጣለት "ይውደቅ" አለ። ሌላም አልፈለገም። መስታወት እየቆረጠ ይኖራል። ሦስት ጊዜ ሽማግሌ ልኮ ሦስቴም እንቢ ተብሏል፤ ጀግናውን የገደለ ሰው ምኑ ይታመናል?

እህትና ወንድም አባታቸው ባወረሷቸው ቤት ሳይጣሉ ኖረዋል። ባለፈው ኅዳር ግን የሰበዝ ግንብ መሰንጠቅ ጀመረ። ሰበዝ በወጣትነቷ የሰፋችው፣ ሕዝቧን ሰብስባ የምትኖርበት የብረት ግንብ ነው። ኤልዳና ስንጥቁን ልትደፍን ለአርባ ምሽት ታገለች። በሰሜን ስትሰፋ በደቡብ ይተረተራል፤ በደቡብ ስትሰፋ ከሥር ይናዳል፤ ሁልጊዜም ሕፃናት ይሞታሉ። እራት ሳትበላ አልቅሳ የተኛችበት ጊዜ ብዙ ነው። በአርባ አንደኛው ቀን ሰበዝ ግንቡን ትታ ወጣች። ሰማዩ ጠራ፣ ሕፃናቱ ዳኑ፣ ኤልዳና አሸነፈች። በዚያው ሳምንት የሰፈሩን የመልቀቂያ ወረቀት ፈረመች።

ቤቱ የሁለቱም ስለሆነ የኪሩቤልም ፊርማ ያስፈልግ ነበር። ዕቃዋ መኪና ላይ እየተጫነ በሩ ላይ ቆሞ አያት።

"አባባ በእጁ የገነባው ቤት እኮ ነው" አለ። "ምን ነካሽ? ኅዳር ላይ ከዚህ የምወጣው በቃሬዛ ነው ስትዪ አልነበር?"

"ሰው ይለወጣል፣ ኪሩ።"

"በሁለት ወር?"

ኤልዳና ኋላ የምትጸጸትበትን ቃል የተናገረችው ያኔ ነው። "ግድግዳ ሰው አይናፍቅም" አለችው ቀና ብላ። "ሰው ነው ለግድግዳ የሚሞተው።"

ኪሩቤል እንደማያውቃት ሰው ለረጅም ጊዜ አያትና ገብቶ በሩን ዘጋ። ሦስት ወር አልተነጋገሩም።

ሚያዝያ ላይ የሀናን ጁስ ቤት ፍሪጅ ተበላሸ። ሀናን የድሮ ጎረቤቷ ናት፤ ከሸንኮራ ሰፈር ከተነሣች በኋላ ታይዋን ገበያ አጠገብ ጁስ ቤት የከፈተች፣ ስትስቅ ከመንገድ ማዶ የምትሰማ ሴት። ኤልዳና ከፍሪጁ ጀርባ ተንበርክካ ኮምፕሬሰሩን ስትፈታ ከጓዳው ጭቅጭቅ ሰማች።

"ዝናቡን መመለስ ነበረባት!" ይላል የሽማግሌ ድምፅ።

"አቦ ይተዉኝ! እኛ ስንደርቅ ማን መለሰልን?" ትላለች አንዲት ወጣት።

"ገጽ አሥራ አንድ ላይ ያቺን ሕፃን አላየሻትም? ባዶ ጀሪካን ታቅፋ የቆመችውን?"

"የሣልኳት እኔ ነኝ እኮ፣ ጋሽ ናትናኤል!"

መፍቻው ከኤልዳና እጅ ወደቀ። ሁለት ሰዎች ስለ አንድ ታሪክ ይከራከራሉ። አንዱ ያየውን ሌላውም አይቶታል። በር ስትከፍት ልብሳቸውን ያወለቁ ሰዎች ላይ የገባች ያህል ፊቷ ጋለ፤ ግን ጆሮዋን ልትነቅል አልቻለችም።

ሀናን አይታት ሳቀች። "ረውዳ ትባላለች" አለቻት ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። "ኮሚክ፣ የሥዕል ታሪክ፣ ትሠራለች። በእጇ ነው የምትሥለው፣ በወረቀት። ስድሳ ቅጂ ታባዛና ለሁሉም አንድ ዓይነት ትሰጣለች።"

"ለሁሉም አንድ ዓይነት?"

"አንድ ዓይነት! እኔም መጀመሪያ አፍሬ ነበር።"

ኮሚኩ "የዝናብ ሌባ" ይባላል፤ ከሌላ አገር ሰማይ ደመና እየሰረቀች ወደ ድሬ ስለምታመጣ ሴት ነው። ኤልዳና አንደኛውን ቅጽ በመሣሪያ ቦርሳዋ ደብቃ ወሰደችና የፎቁ ደረጃ ላይ ተቀምጣ አነበበችው። የገረማት ታሪኩ እሷን አለማወቁ ነው። ስሟን አያውቅም፤ ባሏ መሞቱን አያውቅም፤ ስትሰለች አይፈጥንላትም፣ ስታዝን አይለሳለስላትም። አንዳንዱ ሥዕል እጅ የተንቀጠቀጠበት ነው። በሚቀጥለው ቅዳሜ ግን ሳትጠራ ወደ ጁስ ቤቱ ሄደች፤ አንድ ነገር መጠየቅ ነበረባት። ጋሽ ናትናኤል አጠገብ ተቀምጣ፣ "ያቺ ሴት የመጀመሪያውን ደመና ስትፈታው... እርስዎ ምን ተሰማዎት?" አለች።

ሽማግሌው የባቡር ጣቢያ ጡረተኛ ናቸው፤ በሸንኮራ ሰፈር የኤልዳና ግቢ ጀርባ ለጀርባ የሚዋሰናቸው። ሠላሳ ዓመት "ጀግናዎ እንዴት አደረ?" ተባብለዋል። ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ሁለት ሰዓት ሙሉ አወሩ።

ቅዳሜ ቅዳሜ ኮሚኩን ሊያወሩ ጓዳው ውስጥ የሚሰበሰቡት ማኅበርተኞች አሥራ ሁለት ነበሩ፤ ዘጠኙ የድሮ ሰፈርተኞች። ግንቦት ላይ ረውዳ አዲስ ሐሳብ አመጣች።

"ሰፈሩ ፈርሷል" አለች እርሳሷን ጆሮዋ ላይ እንደሰካች። "የሰፈሩን ጀግኖች ሰብስቤ አንድ ቅጽ ልሥራ። እያንዳንዳችሁ በዚህ ዓመት ልባችሁን የነካውን አንድ ገጽ ንገሩኝ። እኔ እሥለዋለሁ። ቃሉን አልነካም።"

ሀናን እንኳ አልሳቀችም።

"ነውር አይደለም እንዴ?" አሉ ጋሽ ናትናኤል።

መጀመሪያ እጇን ያወጣችው ኤልዳና ናት። ሰበዝን በወረቀት ላይ ማየት ፈልጋ ነበር፤ ሌላ ምክንያት የላትም። ሠላሳ ዓመት ብቻዋን የወደደቻትን ሴት ለሰው ማሳየት። ከረውዳ ጋር ለብቻቸው ተቀምጠው ሰበዝ ከግንቧ የወጣችበትን ገጽ ከነቃሉ ተረከችላት። እሷ ከደፈረች በኋላ ስምንቱም አንድ በአንድ እየገቡ ነገሩ።

በሦስተኛው ቅዳሜ ረውዳ በጓዳው ውስጥ ገመድ ዘርግታ ዘጠኙን ገጽ በልብስ መቆንጠጫ ሰቅላ ጠበቀቻቸው። ፊቷ ገርጥቷል፤ ቆማ ነው የጠበቀችው።

ኤልዳና በቀጥታ ወደ ሰበዝ ሄደች። አፍንጫዋ ትንሽ ወፍሯል፤ ጣቶቿ ግን ራሳቸው ናቸው። ዓይኗ እንባ አቀረረ። ከዚያ ቀጥሎ ወደተሰቀለው የጋሽ ናትናኤል ገጽ ዞረች። የእሳቸው ጀግና ፊሽካ ይባላል፤ ፊሽካውን እየነፋ እስካለ ድረስ ጊዜን የሚያቆም የባቡር ሰው። ሃምሳ ዓመት ከጠበቀው ጣቢያ ሻንጣውን ይዞ ሲወጣ ይታያል። ከራሱ በላይ ቃሉ የተጻፈበትን የንግግር ፊኛ አነበበችው።

"ግድግዳ ሰው አይናፍቅም። ሰው ነው ለግድግዳ የሚሞተው።"

"ረውዳዬ" አለች ኤልዳና ፈገግ ብላ፣ "ተሳስተሽ የኔን ቃል እሳቸው ላይ ጽፈሻል።"

"አልተሳሳትኩም" አለች ረውዳ።

"የሰበዝ ቃል ነው እኮ!"

"የሀናንን እዪው።"

የሀናን ጀግና ወንዝ የምትጋልብ ልጅ ናት። ከተወለደችበት ዋሻ እየወጣች ነው፤ ያንኑ ትላለች። ከሷ ቀጥሎ ያለው ክንፍ ያለው ቀጥቃጭ ነው፤ ከመንደሩ እየወጣ ያንኑ ይላል። ኤልዳና በገመዱ ሥር እየተራመደች አነበበች። ዘጠኝ ጀግና፣ ዘጠኝ ቤት፣ አንድ ቃል። የጁስ ሣጥን ላይ ተቀመጠች።

"እኔ መጀመሪያ እርስ በርስ የተሰማማችሁ መስሎኝ ነበር" አለች ረውዳ። "ተጫወቱብኝ ብዬ ተናድጄ ነበር። ቀኑን ስጠይቅ ግን... ሁላችሁም ያነበባችሁት ጥር ሁለተኛው ሳምንት ላይ ነው።"

"ሁላችንም የፈረምነው በዚያው ሳምንት ነው" አለች ሀናን። ድምፅዋ እምብዛም አይሰማም ነበር።

ጋሽ ናትናኤል ባርኔጣቸውን አውልቀው ይዘዋል። "ይህን ቃል ለሮማን ነግሬያታለሁ" አሉ። ሮማን ባለቤታቸው ነበሩ። "አርባ አራት ዓመት የኖረችበትን ቤት አልለቅም ብላ ስታለቅስ፣ ይህን ብዬ ዝም አሰኘኋት። ከራሴ የወጣ ጥበብ መስሎኝ ኮራሁበት። ፎቁ ላይ ሁለት ወር አልቆየችም፤ ቀበርኳት።" ባርኔጣቸውን መልሰው አደረጉ፤ ደግሞ አወለቁ።

ኤልዳና ኪሩቤል በሩ ላይ ቆሞ ያያት አስተያየት ትዝ አላት። ያን ቀን እንደማያውቃት ሰው ነበር ያያት። ልክ ነበር።

ከጓዳው ወጥታ ወደ ሰባት ቀለም ደወለች። ለስላሳ የሴት ድምፅ አነሣላት።

"የኔን ታሪክ የሚጽፈው ማን ነው?"

"ታሪኩ የእርስዎ ነው፣ ወይዘሮ ኤልዳና። ጀግናዎ ከእርስዎ ጋር እንድታድግ በአሥራ ዘጠኝ ዓመትዎ ፈቅደዋል።"

"ከቤቴ እንድወጣ ማን አዘዘ?"

"ማንም አላዘዘዎትም። በታሪኩ አልተደሰቱም እንዴ? በጥር ወር የሰጡን ምስጋና እዚህ አለ፤ ላንብብልዎ?"

"ለማን ነው የምትሠሩት ነው የምልሽ!"

"ይህን ጥያቄ ለጀግናዎ ቢያቀርቡት ይሻላል። ነገ ጠዋት ሰበዝ ትመልስልዎታለች።"

ኤልዳና እሑድ ጠዋት ግድግዳው ሳይበራ በፊት የአልጋ ልብስ ሰቀለችበት። ልክ አሥራ ሁለት ሰዓት ሲሆን ብርሃኑ በጨርቁ ውስጥ አለፈ፤ የሰበዝ ጥላ ሲንቀሳቀስ ይታያል። ፊቷን ወደ መስኮቱ አዙራ ሻይዋን ጠጣች። በሠላሳ ዓመት ውስጥ ያላነበበችው የመጀመሪያ ገጽ ነው። ሰኞም እንዲሁ አደረገች። ከዚያ ሁለት ገጾች፣ የራሷንና የጋሽ ናትናኤልን፣ ጠቅልላ በባጃጅ ወደ ሸንኮራ ሰፈር ሄደች።

ሰፈሩ ሜዳ ሆኗል። የቀሩት የኒም ዛፎቹና የእነሱ ቤት ብቻ ናቸው። ኪሩቤል ግቢው ውስጥ ከኒሙ ጥላ ሥር መስታወት ይቆርጣል። ሲያያት መቁረጫውን አስቀመጠ፤ አልተነሣም።

ሁለቱን ገጽ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችለት። እያንዳንዱን ሣጥን በጣቱ እየተከተለ ቀስ ብሎ አነበበ። ፊኛዎቹ ጋ ሲደርስ ጣቱ ቆመ። አንዱን አየ፤ ሌላውን አየ፤ ተመልሶ አንዱን አየ።

"ዘጠኝ ናቸው" አለችው። "ሁሉም እንዲህ ነው የሚሉት።"

"እግዚኦ!" አለ ኪሩቤል።

"ይቅር በለኝ፣ ኪሩ። ያን ቀን የተናገርኩህ እኔ አልነበርኩም።"

ኪሩቤል ከገጾቹ ቀና አለ። ቁጣ አልነበረበትም። "አሁንስ?"

"አሁን ምን?"

"አሁን የምትናገሪው አንቺ ነሽ?"

"እኔ ነኝ እንጂ! ከትናንት ጀምሮ ገጹን አላየሁትም፤ ጨርቅ ነው የሰቀልኩበት። በራሴ እግር ነው የመጣሁት!"

ይህን ስትል ጥላ የያዘች አንዲት ሴት በተከፈተው የግቢ በር ገባች። አርባ ዓመት ገደማ ይሆናታል፤ የማራገፊያው ፕሮጀክት ባጅ አንገቷ ላይ አለ፤ በክንዷ ሥር ማኅደር ይዛለች።

"እንደምን አደራችሁ! ሶልያና እባላለሁ፤ ከፕሮጀክቱ ነኝ" አለች። "እትዬ ኤልዳና፣ እንኳን ደኅና መጡ። ቀደም ብዬ ከሆነ ይቅርታ፤ ታርቃችሁ ጨርሳችኋል?"

ኤልዳና ወደ ሴትዮዋ ዞረች።

"እዚህ መሆኔን ማን ነገረሽ?" አለች ኤልዳና።

ሴትዮዋ ግራ ገባት። ማኅደሩን ገልጣ አየች። "ቀጠሮ አለን እኮ። ሰኞ፣ አራት ሰዓት፣ እህትና ወንድም፣ ከእርቅ በኋላ ፊርማ።" ወረቀቱን ወደ እነሱ አዞረችው። "እኔ የተላክሁ ነኝ።"

"መቼ ነው የተያዘው?"

"ሐሙስ ዕለት።"

ሐሙስ። ገጾቹ ጓዳው ውስጥ የተሰቀሉት ቅዳሜ ነው። ሐሙስ ዕለት ኤልዳና ምንም አታውቅም ነበር፤ ወደዚህ እመጣለሁ ብላም አላሰበችም። ግን ሐሙስ ጠዋት፣ ሻይዋን ይዛ፣ ሰበዝ ወንድም እንዳላት ለመጀመሪያ ጊዜ አንብባለች። በሠላሳ ዓመት ተነግሮ የማያውቅ ወንድም፣ በፈረሰ ከተማ ውስጥ ብቻውን የሚኖር። ሰበዝ የብረት ጫማ ሰፍታ ልትፈልገው ስትነሣ ነበር ገጹ ያለቀው። ዓርብ በረሃውን ስታቋርጥ ዋለች። ቅዳሜ በሩ ጋ ደርሳ ነበር። ኤልዳና ጨርቅ የሰቀለችው ሰበዝ በሩን ካንኳኳች በኋላ ነው።

ጠረጴዛውን ያዘች።

"አላወቅሁም ነበር" አለችው ወንድሟን። "ኪሩ፣ በእግዚአብሔር፣ አላወቅሁም ነበር።"

"አውቃለሁ" አለ።

"ችኮላ የለም" አለች ሶልያና በቅን ልቦና። "ዛሬ ጠዋት የኔዋም ጀግና ትዕግሥት ያስፈልግሻል ስትለኝ..." ነውር መናገሯ ሲታወቃት ፊቷ ቀላ።

ኪሩቤል እህቱን አያት። "እና ምን ትያለሽ? ቤቱ ያንቺም ነው። እንፈርም?"

ኤልዳና አፏን ከፈተች። ቃሉ ተዘጋጅቶ ምላሷ ጫፍ ላይ ነበር፤ *ይበቃናል ወንድሜ፤ እንፈርምና አብረን እንኑር*። እንዴት ያምራል! ማማሩ አስደነገጣትና ዋጠችው። ወዲያው ሌላው መጣ፤ *በሬሳዬ ላይ ካልሆነ አንፈርምም!* እሱም ያምር ነበር፤ እሱም ፊኛ ውስጥ ሊገባ የተሰፋ ነበር። ከሁለቱ ሌላ ፈለገች። ከሥር፣ ከዚያም ሥር ፈለገች። የራሷን ድምፅ ለመጨረሻ ጊዜ የሰማችው መቼ እንደሆነ ልታስታውስ ሞከረች፤ አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ላይ ደርሳ ቆመች።

"አላውቅም" አለች። ቃሉ ሻካራ ነበር፤ አላማረም።

ኪሩቤል ወንበሩ ላይ ፈቀቅ ብሎ ቦታ ለቀቀላት።

"እንግዲያው እስክታውቂ ተቀመጪ" አለ።

ሴትዮዋ ጥላዋን ከአንዱ ትከሻ ወደ ሌላው አዛወረች። "እስከ ስንት ሰዓት ልጠብቅ?" ብላ ጠየቀች። ኤልዳና ተቀመጠች።